ወይዘሪት ስንት ጊዜ በላች

ይህን ነገር ሳወራ ራሴን አሳምሬ እንዳላወራ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ከዚህ በፊት ለሁለት ጎረቤቶች አውርቼው፣ ሁለቱንም ጊዜ ጥፋቱ የሐኪሙ ሆኖ አረፈው። አሁን እንደሆነው ነው የምናገረው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ነርስ ነበርኩ። ከዚያ ውስጥ አስራ ስምንቱን ዓመት የቀዶ ጥገና ክፍል ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ሰፈሩ «ሲስተር» እያለ ነው የሚጠራኝ፤ ዳቦ ቤት ስገባ ሰልፈኛው ቦታ ይለቅልኛል፣ እኔም ሳላፍር አልፋለሁ። ከደንብ ፈቀቅ ስለማልል ክፍል ውስጥ ከኋላዬ «ደንቧ» ይሉኝ ነበር። ለስድብ ነበር ያወጡልኝ፤ እኔ ግን በሆዴ ደስ ይለኝ ነበር።

ልጄ አንድ ናት። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት እንዲሉ፣ ስለሷ ሳስብ የማድርበት ጊዜ ብዙ ነው። ቀያሽ ናት፤ ባለ ሦስት እግር መሣሪያዋን ተሸክማ በየጥሻው መሬት ስትለካ ትውላለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። አላገባችም፣ ጥንቸል ነው የምታሳድገው። ግራጫ ናት፣ አንድ ጆሮዋ ወደ ታች የወደቀ። ስሟን «ወይዘሪት» ብላታለች። ነገር ፍለጋ ያወጣችው ስም ነው ብዬ ብዙ ጊዜ አኩርፌአለሁ። «ሌላ ስም ጠፍቶ ነው?» ስላት፣ «ምን ላድርግ እማዬ፣ እሷንም እንደኔ መቼ ነው የምታገቢው የሚላት በዝቶ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጥንቸሏ አንስተን አናውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ብዙ ነገር አንስተን አናውቅም። የነገረችኝን ሁሉ ስለማርምባት መንገር ትታለች።

የእንስሳት ሐኪሙ የወይዘሪት ማህፀን መውጣት አለበት አለ። ሴት ጥንቸል ዕድሜዋ ሲገፋ ማህፀኗ ላይ ካንሰር ይወጣባታል፣ በጊዜ ይውጣ አለ። ልጄ የሦስት ቀን ፈቃድ ወስዳ አስገባቻት። ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ገና ከክሊኒኩ ሳትወጣ ግን መሥሪያ ቤቷ ደወለ፤ መስክ ላይ ያለው ባልደረባዋ ከገደል ተንሸራቶ እግሩን ሰብሯል፣ ሥራው መሃል ላይ ቆሟል፣ አሁኑኑ ድረሽ። እና ልጄ ለእኔ ደወለች። «እማዬ፣ እባክሽ» አለችኝ። ይህን ቃል ከልጄ አፍ ከሰማሁ ስንት ዓመቴ እንደሆነ አላስታውስም። ሌላ ሰው አጥታ እንደደወለች አውቃለሁ። ያም ሆኖ ስልኩን ዘግቼ ሳሎኔን መጥረግ ስጀምር እዘፍን ነበር።

በዘጠኝ ሰዓት ሳጥኑን ይዛ መጣች። ወይዘሪት ፎጣ ላይ ተኝታለች፤ ሆዷ ተላጭቷል፣ ስፌቷ ንጹሕ ነው። ስፌት አያለሁና «ጎበዝ ሰፊ ነው» አልኩ። ቀጥዬ እንደ ሙያዬ ጠየቅሁ።

«ጠዋት በስንት ሰዓት ነው የበላችው?»

«ልትገባ ስትል፣ ሦስት ሰዓት ላይ።»

«ወይ ጉድ! ሆዷ ሳይጾም ነው ያደነዘዟት?»

«ጥንቸል አያስመልሳትም እማዬ። የጥንቸል ሆድ ባዶ መዋል የለበትም፣ ካቆመ አለቀላት። አሁንም ቶሎ መብላት አለባት። ድርቆሹን አጠገቧ ተይላት። እስከ ማታ በራሷ ካልበላች ይሄን ዱቄት ለብ ባለ ውሃ በጥብጠሽ አስር ሚሊ በሲሪንጅ ስጫት፣ በየአራት ሰዓቱ። እዚህ ወረቀት ላይ ሰዓቱን ትጽፊያለሽ፣ የበላችውን፣ በጠጧንም ቁጠሪልኝ። ሐኪሙ የጻፈው ደግሞ ይሄውልሽ። አንብቢው እሺ?»

«እሺ አልኩ እኮ።»

«እማዬ፣ አንብቢው።»

«ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ የተቀደደ ሆድ ስጠብቅ ኖሬአለሁ። ሂጂ፣ መኪናው ጥሎሽ እንዳይሄድ።»

ግንባሬን ስማኝ ሄደች። የሐኪሙን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

አሁን ያደረግሁትን ልናገር። በእኛ ክፍል ሆዱ የተከፈተ ሰው አየር ሳያወጣ እህል በአፉ አይዞርም ነበር። እናት ለልጇ ደብቃ ሾርባ ስታስገባ ይዤ ሳህኑን ከነፈሳሹ ደፍቻለሁ። ሐኪሞች እንኳ «ሲስተር፣ እንስጠው እንዴ?» ብለው እኔን ይጠይቁ ነበር። ይህ ልጅ ሐኪም ደግሞ ገና ስፌቱ ሳይደርቅ ትብላ ይላል! የእናቱ ወተት ካፉ ያልደረቀ ነገር፣ ምን ያውቃል አልኩ። ድርቆሹን አንስቼ በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት። ውሃ ብቻ ተውኩላት። ከዚያ ሶፋውን ወደ ሳጥኗ አስጠግቼ፣ እኔ የተከበርኩት ሲስተር፣ የጥንቸል ፈስ እጠብቅ ጀመር።

አልወጣም። በአስራ ሁለት ሰዓት ልጄ ደወለች።

«በላች?»

በዚህች ሰዓት «አልሰጠኋትም» ብል ኖሮ ነገሩ በጭቅጭቅ ያልቅ ነበር። ጭቅጭቁን ነው የፈራሁት። ያ «እባክሽ» የሚለው ቃል እንዳይሰረዝብኝ ነው የፈራሁት።

«እየቀማመሰች ነው» አልኳት።

«ተመስገን! እማዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ማታ ስትደውል «ወስዳለች» አልኩ። ይሁንና ክፋት አልነበረብኝም፤ ጠዋት አየሯ ይወጣል፣ እመግባታለሁ፣ ማንም ሳያውቅ ነገሩ ይስተካከላል ብዬ ነበር። ሰዓት እየጠበቅሁ ብድግ እያልኩ ቁስሏን አየሁ፣ የሰውነቷን ሙቀት በእጄ ዳሰስኩ። ስለ ትጋቴ ማንም አያማኝም።

ጠዋት ወይዘሪት ጥግ ይዛ ተኮራምታለች። ጆሮዋ ቀዝቅዟል። ጥርሷን ታፋጫለች፣ ድምፁ ጓዳ ድረስ ይሰማል። ፎጣው ላይ አንዲት በጠጥ እንኳ የለም። የድሮ ማዳመጫዬን አውጥቼ ሆዷ ላይ አደረግሁት፤ ጸጥ። ጸጥ ያለ አንጀት አይመገብም፣ ይህን ለስንት ተማሪ አስተምሬአለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ግን ወረቀቱንም መሳቢያ ከትቼ፣ የያዝኩትንም አልለቅ አልኩ።

በአራት ሰዓት ተኩል የልጄ መልእክት መጣ። «እማዬ፣ የሞላሽውን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ለሐኪሙ ላሳየው።»

ወረቀቱ ባዶ ነበር።

አንድ ጊዜ በክፍሌ አዲስ የተመደበች ነርስ የስድስት ሕመምተኛ ሙቀት ሳትለካ ጽፋ ያዝኳት። ያወቅሁባት በብዕሩ ነው፤ የማታውም፣ የሌሊቱም፣ የጠዋቱም በአንድ ቀለም፣ በአንድ እጅ አጣጣል። በጠዋት ርክክብ ላይ በሐኪሙ፣ በተማሪው፣ ወለል በምትወለውለው ሴትዮ ፊት አቆምኳት። «ያልለካሽውን የምትጽፊ ከሆነ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ተረት ጻፊ» አልኳት። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ እንደቆመች እንባዋ በጉንጯ ይወርድ ነበር። በሳምንቱ ዝውውር ጠየቀች።

እና እኔ ምን አደረግሁ? ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ አልኩ። መነጽሬን አደረግሁ። የማታውን አስራ ሁለት ሰዓት በጥቁር ብዕር ጻፍኩ፣ አስር ሚሊ። የሌሊቱን አራትና ስምንት ሰዓት በሰማያዊ። የጠዋቱን አስራ ሁለት ደግሞ እንቅልፍ እንደተጫጫነው ሰው ትንሽ አጣመምኩት። ያሁኑን አራት ሰዓት በጥቁር። አምስት ጊዜ፣ ሃምሳ ሚሊ። ምን ዓይነት ብልህ ነኝ! የበጠጡን ቦታ ግን ባዶ ተውኩት። ለምን እሱንም እንዳልሞላሁት አላውቅም፤ ምናልባት ውሸትም ልክ አለው ብዬ ይሆናል። ፎቶ አንስቼ ላክሁ።

ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ደወለች።

«አምስት ጊዜ በልታ ምንም አልወጣትም?»

«ምንም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

«መጣሁ» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም፣ ስልኩ ተዘጋ። ካለችበት ስድስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው።

ያን ጊዜ ነው መሳቢያውን የከፈትኩት። የሐኪሙ ወረቀት አንድ ገጽ ብቻ ነበር። «ከቀዶ ጥገና በኋላ ጥንቸል ለአስራ ሁለት ሰዓት ካልበላች ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው» ይላል፣ ከሥሩ ተሰምሮበታል። «የሆድ ዕቃዋ የሚንቀሳቀሰው በምግብ ግፊት ነው፤ እስኪጀምር አትጠብቁ፣ የሚያስጀምረው ምግቡ ነው» ይላል። ሃያ ስድስት ሰዓት ሆኗታል። ዱቄቱን በጠበጥኩ፣ በአፏ ጎን ሲሪንጁን ሰደድኩ። ጥርሷን ገጠመች። የሰጠኋት ሁሉ በአገጯ ፈሰሰ፣ አንገቷን አረጠበው። «እባክሽ የኔ እናት፣ እባክሽ ወይዘሪት» እላለሁ። ልጄ ጋ ለመደወል ስልኩን አነሳሁ፤ ከመጥራቱ በፊት ዘጋሁት። ሁለተኛም አነሳሁ። ሁለተኛም ዘጋሁት። ይህን ማንም አላየኝም፤ ለዚህ ነው የምነግራችሁ።

ልጄ በአስራ አንድ ሰዓት ደረሰች። ጫማዋ ላይ የመስኩ ጭቃ እንዳለ ገባች፣ ወይዘሪትን በፎጣ ጠቀለለች፣ የሞላሁትን ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ኪሷ ከተተች። እኔም መደረቢያዬን ገልብጬ ለብሼ ተከተልኩ። ታክሲ ውስጥ ሳለን እጄን ያዘችው። «አይዞሽ እማዬ» አለችኝ። «የምትችይውን አድርገሻል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳትተኚ።» ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አልተዋጥኩም። አልተናገርኩምም።

ሐኪሙ ከልጄ ዕድሜ አይበልጥም፤ ቀጭን ነው፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቧል። ወይዘሪትን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ሆዷን በጣቶቹ ቀስ ብሎ ዳሰሰ። ከዚያ ወረቀቴን ተቀብሎ አነበበ፣ ደግሞ አነበበ።

«ማን ነው የያዘው? በጣም ንጹሕ አያያዝ ነው» አለ።

«እናቴ፣ ነርስ ናት» አለች ልጄ። በኩራት ነው ያለችው።

«አምስት ጊዜ ገብቶ ምንም ካልወጣ፣ አንድ ቦታ ተዘግቷል ማለት ነው» አለ። «ሆዷም ተነፍቷል። ራጅ የሚያነሳው ቦታ በዚህ ሰዓት ዝግ ነው፣ እስከ ነገም አትቆይም። አሁኑኑ መልሼ መክፈት ሊኖርብኝ ነው።»

«ትችለዋለች?»

«አልዋሽሽም፣ ደክማለች። ከማደንዘዣው ላትነቃ ትችላለች። ግን ከተዘጋ ሌላ መንገድ የለም፤ ምግብ ብጨምርባት ይፈነዳል» አለ። የስምምነት ቅጹን አወጣ።

ልጄ ብዕሩን ተቀበለች። እኔ ጥግ ባለው ወንበር ላይ ነበርኩ። በሕይወቴ ስንት ሰው ያንን ቅጽ ሲፈርም አጠገቡ ቆሜአለሁ። ብዕሩ ወረቀቱን ሲነካ አየሁና፣

«ምናልባት» አልኩ፣ «ምናልባት ትንሽ ትንሽ እየደፋችው ይሆናል።»

ሁለቱም ዞሩ። እንዲህ ነኝ እኔ፤ የልጄ ጥንቸል ልትታረድ ደርሳ እንኳ እውነቱን በቁንጥር ነው ያወጣሁት።

«ምን ያህሉ ገብቶላታል እናቴ?» አለ ሐኪሙ። ድምፁ ተለወጠ። «ልክ ልኩን ይንገሩኝ፣ ግማሹ?»

«አይ።»

«ሩቡ?»

«ምንም» አልኩ። «ምንም አልገባላትም። አልሰጠኋትም። ድርቆሹንም ያነሳሁባት እኔ ነኝ። ከትናንት ሦስት ሰዓት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። አየሯ እስኪወጣ ስጠብቅ ነው... እኛ ዘንድ እንደዚያ ነበር የሚደረገው።»

ሐኪሙ ቅጹን ከልጄ እጅ ሥር ቀስ ብሎ ሳበው። «እንኳን ተናገሩ» አለ። «እንኳን ተናገሩ። እንግዲያው የተዘጋ ነገር ላይኖር ይችላል፣ በርሃብ የቆመ ነው። መድኃኒትና ግሉኮስ እንጀምርላት፣ እናሙቃት፣ እንመግባት። በሰው ሕክምና የሠራ ሰው ይሄን ይሳሳታል፣ እርስዎ የመጀመሪያዋ አይደሉም።» ደግ ልጅ ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጄ አልጮኸችም። ስትጮህ መልስ አለኝ፤ ሠላሳ ዓመት የተለማመድኩት ነው። ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ አየችው፣ ጥቁሩን፣ ሰማያዊውን፣ የተጣመመውን።

«ይሄስ?»

«ጻፍኩት።»

«ዛሬ? ላኪልኝ ስልሽ?»

«አዎ።»

«ቁጭ ብለሽ?»

«ቁጭ ብዬ» አልኩ።

ራሷን ነቀነቀች፣ አንድ ነገር እንደገባት ሰው። ወረቀቱን አጥፋ መልሳ ሰጠችኝ፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ወይዘሪት አዞረች። ብቻዬን ወደ ቤቴ ሄድኩ። በመንገድ ላይ አንዲት ጎረቤት «ሲስተር፣ እንደምን ዋልሽ» ስትለኝ ሌላ ሰው የጠራች መስሎኝ አልፌያት ነበር።

አራት ቀን ስልኬን አላነሳችም። ክሊኒኩ ጋ ደውዬ ነው በሁለተኛው ቀን ወይዘሪት ሦስት በጠጥ መጣሏን የሰማሁት። ስልኩን ያነሳችው ረዳት «ሦስት!» ስትለኝ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ልጅቷ ደንግጣ «እናቴ፣ ጥሩ ዜና እኮ ነው» ትለኛለች። በአምስተኛው ቀን የልጄን በር አንኳኳሁ። ምን እንደምል በመንገድ ላይ አጥንቼ ነበር፤ በሩ ሲከፈት ሁሉም ጠፋኝ።

«አጥፍቻለሁ» አልኩ። «የጥንቸሏን ብቻ አይደለም። ዋሽቼሻለሁ፣ እያመሰገንሽኝ ዋሽቼሻለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች። ዓይኗ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። «ግቢ፣ ብርድ ነው።»

ወይዘሪት ምንጣፉ ላይ ተዘርግታ የካሮት ቅጠል ትቆረጥማለች። ከስታለች እንጂ ዓይኗ ደህና ነው። ሐኪሙ ክብደቷ እስኪመለስ በሲሪንጅ እየጨመርሽ መግቢያት ብሏታል። ግድግዳው ላይ አዲስ ሰንጠረዥ ተለጥፏል፣ በልጄ እጅ ጽሑፍ፤ እርሳስ በክር ተንጠልጥሎበታል። ሰዓቱ ደርሶ ዱቄቱን እየበጠበጠች ሳለ ከመሥሪያ ቤቷ ተደወለላት። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ፣ ሲሪንጁን ተመለከተች፣ እኔን ተመለከተች። ከዚያ ሲሪንጁን ወደኔ ዘረጋችው።

እጄን ታጠብኩ። ድብልቁን ሳብኩት፣ የገባውን አየር ገፋሁት፣ መስመሩን በዓይኔ ልክ አድርጌ አየሁ። በሕይወቴ እንዲህ ተጠንቅቄ የሳብኩት መድኃኒት የለም።

«አስር» አልኳት።

«ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ» አለች ስልኩ ላይ ላለው ሰው። መጣች። ሲሪንጁን ከእጄ ወሰደችና ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። መሬት ለኪ ናት፣ ልማዷ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። እሷም እንደማያት እያወቀች ነው ያየችው፣ አልደበቀችኝም።

«አስር ነው» አለች፣ መለሰችልኝ።

ወይዘሪትን እቅፌ ላይ አድርጌ ቀስ እያልኩ ሰጠኋት። ዋጠችው፣ እስከ መጨረሻው። ስጨርስ ልጻፈው ብዬ እጄን ወደ እርሳሱ ሰደድኩ። ልጄ ስልኳን እንደያዘች ቀድማኝ ደርሳ እርሳሱን ያዘችው፣ ሰዓቱን አይታ ጻፈች። እኔም እጄን መልሼ ጥንቸሏ ጀርባ ላይ አሳረፍኩት።